«አባዬ፣ ዛሬ አትምጣ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የታዳጊዎች ኳስና ከመስመሩ ውጭ ያለነው ሰዎች

ባለፈው እትም «ስለ ታዳጊዎች ኳስ ጠይቁኝ» ስል፣ ስለ አሰላለፍና ስለ ቅጣት ምት አመታት የሚጽፍልኝ ይበዛል ብዬ ነበር። ከመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ግን ስለ ወላጅ ሆኑ። ለማታውቁኝ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጃንሜዳ ላይ ከ13 ዓመት በታች ልጆችን አሰለጥናለሁ። ልጆቹ «ቲቸር» ይሉኛል፣ ወላጆቹ «ኮች»። ያደግሁት ለገሃር ነው። ስታዲየም ጎል ሲገባ ጩኸቱ ከሬዲዮው ቀድሞ ግቢያችን ይደርስ ነበር። ስለዚህ ጩኸት እጠላለሁ ብል እዋሻለሁ።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጅ አለኝ፤ በግራ መስመር ይጫወታል። ባለፈው ቅዳሜ ታኬታውን እያሰረ «አባዬ፣ ዛሬ አትምጣ» አለኝ። መርካቶ ያለውን ሱቄን ዘግቼ በየሳምንቱ የምመላለስ ሰው ነኝ። ዳኛ ሰድቤ አላውቅም፤ ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ልጄን የምመክረው ብቻ ነው። እናቱ «ልጅ ነው፣ ተወው» ትላለች። እኔ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ምን አጠፋሁ? (አባት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ክፉ ነገር እንዳላደረጉ አምናለሁ። ግን «የምመክረው ብቻ ነው» ያሉት ምክር ሜዳ ዳር ሲነገር ምን ይመስላል? ልገምት፦ «ስጥ!»፣ «ልቀቅ!»፣ «ተመለስ!»፣ «ምታው እንጂ!»፣ «ምን ትጠብቃለህ!»። ስድብ የለበትም። ስድብ ቢኖርበት ኖሮ ራስዎ ቀድመው ይነቁበት ነበር።

አንድ የመሀል ተጫዋች ነበረኝ። ኳስ ወደ እሱ ስትሄድ አንገቱ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ። መጀመሪያ ልማድ መሰለኝ። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ አንገቱ ወደ ግራ መዞር ጀመረ። ለካ አባቱ ከዛፉ ሥር ቆሟል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እስክሪብቶ ይዤ ቆጠርኩ፤ በአንድ አጋማሽ ብቻ 19 ጊዜ ዞረ። እንግዲህ ኳስ ከመድረሷ በፊት ዞር ዞር ብሎ ማየት፣ እኛ አሰልጣኞች ስንለምን የምንውለው ነገር ነው። መታየት ያለበት ግን ጓደኛና ተጋጣሚ ነው። የዚህ ልጅ ዐይን ሜዳውን ዘልሎ አባቱ ላይ ያርፋል። አባቱ «ስጥ» ሲለው ይሰጣል፤ ለማን እንደሚሰጥ ግን አላየም። «ስጥ» ከአባትየው አፍ ወጥቶ፣ ልጁ ጆሮ ገብቶ፣ እግሩ እስኪታዘዝ ድረስ ክፍት የነበረው ቦታ ተዘግቷል። ምክሩ ልክ ነበር፤ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው። ልጁ ኳሱን ሲነጠቅ ደግሞ ያው አባት ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ይጭናል። ልጁ ያንንም ያያል።

በዚህ ላይ እኔ ከወዲህ «ያዝ» እላለሁ፤ የጓደኛው እናት ከወዲያ «ምታ» ትላለች። የ11 ዓመት ልጅ የሦስት አለቃ ሠራተኛ ይሆናል ማለት ነው።

የራሴንም ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት ጨዋታ በስልኳ ስትቀርፅ ድምፄ አብሮ ገባ። አላፈረችም፤ «ኮች፣ ይህን ቤትሽ ሆነሽ ስሚው» ብላ ላከችልኝ። ቡናዬን አፍልቼ ሰማሁት። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። «ስጥ» ያልኩት 14 ጊዜ ነው፤ አንደኛውን የጮህኩት ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ብርቱካን በሚበላ ልጅ ላይ ነው። ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ሲባጎ ገዛሁ። ከኖራው መስመር ሦስት እርምጃ ወደ ውጭ እንጨት ተክዬ ወጠርኩት። የኔ ፈጠራ አይደለም፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ መከባበር በጀመሩት ዘመቻ ታዳጊዎች በሚጫወቱበት ሜዳ ዳር ለወላጅ የተለየ ቦታ ከልለዋል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ወላጆች እንደ አጥር ተደገፉት፤ አንዱ እንጨት ወደቀ። አንዲት እናት ነጠላዋን አሰጣችበት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ለውጡ ይሰማ ነበር። እጁን ቢዘረጋ ልጁን የሚነካ ሰውና የማይነካ ሰው አንድ ዓይነት ድምፅ አያወጡም።

በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ደግሞ ዝም እንላለን። አሜሪካ ውስጥ በአንዳንድ የታዳጊዎች ሊጎች እንዲህ ያለ ቀን አላቸው። ማጨብጨብ ይፈቀዳል፣ መናገር አይፈቀድም፤ ለእኔም ጭምር። በመጀመሪያው ቀን አንድ አባት «አፋችሁን ያዙበት» ብሎ ከረሜላ አደለን። እኔ በአራተኛው ደቂቃ አፌን በመዳፌ ከደንኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ አሥር ደቂቃ ያህል ሜዳው ልቅሶ ቤት መሰለ። ከዚያ በረኛችን «ግራህን! ግራህን እይ!» ብሎ ጮኸ። ያንን ልጅ ስምንት ወር ሳሰለጥነው ድምፁን በደንብ አላውቀውም ነበር። ተከላካዩ መለሰለት፤ አማካዩ ቀጠለ። በዕረፍት ሰዓት ውሃ ሲጠጡ እንኳ ወሬያቸው አላባራም። ያን ቀን 3 ለ 1 ተሸነፍን።

ዝም ማለት የሚከብዳቸው አባቶች አሉ፤ እርስዎም ሳይሆኑ አይቀሩም። ለነሱ ደብተር እሰጣለሁ፦ ልጅህ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ስንት ጊዜ ዙሪያውን አየ? ከተነጠቀ በኋላ ስንት ጊዜ ተመልሶ ለመቀማት ሮጠ? እስክሪብቶ የያዘ ሰው ብዙ አይጮህም። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ አባት ጭራሽ በሠንጠረዥ ሠርቶ አመጣልኝ፤ እስካሁን የምሠራው በሱ ሠንጠረዥ ነው።

ወደ ልጅዎ እንመለስ። በዚህ ቅዳሜ አይሂዱ። «አትምጣ» ለማለት ምን ያህል ቀን እንዳሰበበት እግዜር ይወቀው፤ ያንን ቃል ያክብሩለት። ከዚያ ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ስትሄዱ፣ «ስመጣ ምን እንዳደርግልህ ትፈልጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። እኔ ቡድኔን ጠይቄ የሰማሁት ይህን ነው፦ አንዱ «ሃይላንዴን ይያዝልኝ»፣ አንዱ «ከበረኛው ጀርባ አይቁም»፣ አንዷ «ጎል ሳገባ ብቻ ሳይሆን ስወድቅም ያጨብጭብልኝ»። አንዱ ደግሞ «ስልኩን አይነካካ» አለኝ፤ ማለት አባቱ እንዲያየው ይፈልጋል። የእርስዎ ልጅም አባቱን አልጠላም። የሚለውን ሰምተው እንዳለው ያድርጉ፤ ቢያስቅዎትም።

ወደ ቤት ስትመለሱ ስለ ጨዋታው እሱ ካልጀመረ እርስዎ አይጀምሩ። «ምን እንብላ?» ይበቃል። ሽንፈት የልጅ ሆድ ውስጥ የሚቆየው አንድ ፓስቲ እስኪበላ ነው፤ አባት ሆድ ውስጥ ግን እስከ ሰኞ ይከርማል።

ጥያቄ፦ ቂርቆስ ውስጥ 12 ልጆች ይዤ ፕሮጀክት ጀምሬያለሁ። አንድ አባት ለልጁ በየጎሉ 100 ብር ይሰጠዋል። ልጁ ኳስ ማቀበል ትቷል። ሌሎቹ ወላጆች ደግሞ «ልጄን ለምን ታስቀምጠዋለህ?» እያሉ ያስጨንቁኛል። (ጀማሪ አሰልጣኝ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለግራ ተከላካዩስ ማን ይክፈለው? ይህን ጥያቄ ለአባትየው አቅርብለት፤ ግን ብቻውን፣ ሌሎች ሳይሰሙ። በሰው ፊት የተነካ አባት ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ የሚጎዳው ልጁ ነው። እኔ ጋ እንዲህ ያለ አባት ነበር። «ብሩን አትተው፣ ብርቱካን ግዛበት» አልኩት፤ ስናሸንፍም ስንሸነፍም፣ ለሁለቱም ቡድን ልጆች። አኩርፎ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ፌስታል ሙሉ ብርቱካንና ቢላዋ ይዞ መጣ። ዛሬ ልጆቹ ስሙን አያውቁም፤ «ጋሽ ብርቱካን» ነው የሚሉት። ልጁ ማቀበል ለመጀመር ግን ሁለት ወር ፈጅቶበታል፤ በአንድ ሳምንት ይለወጣል ብለህ አትጠብቅ።

የመቀመጡን ነገር በሂሳብ ዝጋው። የጨዋታው ሕግ ለታዳጊዎች የሜዳውን ስፋት፣ የሰዓቱን ርዝመትና የቅያሪውን አሠራር ለማስተካከል ይፈቅዳል። ሰባት ለሰባት አጫውት፤ ጨዋታውን በአራት ክፍል ክፈለው። ሰባት ቦታ በአራት ክፍል 28 ይሆናል። ስምንቱ ልጆች ሁለት ሁለት ክፍል፣ አራቱ ሦስት ሦስት ክፍል ይጫወታሉ። ሦስት የሚጫወቱትን አራት ልጆች በየሳምንቱ ቀያይር፤ በሦስት ሳምንት ሁሉም ይደርሳቸዋል። ይህንን ጽፈህ ከጨዋታው በፊት ለወላጆች አሳይ። እኔ ወረቀቱን በኳስ ከረጢቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰክቼ አንጠለጥለዋለሁ። «ለምን?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ጣቴን ወደዚያ ነው።

ከባዱ ነገር አንተ ጋ ነው የሚመጣው። 2 ለ 1 እየመራህ በመጨረሻው ክፍል ደካማው ልጅ ተራው ይደርሳል። ያን ጊዜ ወረቀቱን የምታጥፍ ከሆነ ከመጀመሪያው አትጻፈው።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ ከወንዶች ጋር ትጫወታለች። ካዛንቺስ ሲፈርስ ገላን ጉራ ገባን፤ ቡድኗን ላለመተው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ። ባለፈው ኳስ ቀምታ ስታልፍ ከተጋጣሚ በኩል አንድ አባት በልጁ ላይ «በሴት ተበላህ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እኔ ዝም አልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። (እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ቃል ሁለት ልጅ መታ። ያንቺን ልጅ ሰደበ፤ የራሱንም ልጅ አዋረደ። እኔ በልጅነቴ የወንድሜን ሸራ ጫማ በጨርቅ ሞልቼ ስጫወት «ሂጂ ወጥ ሥሪ!» የሚለኝ አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን እናቴ በዚያ ስታልፍ ሰማች። «ሠርታው ነው የመጣችው!» ብላ መንገዷን ቀጠለች። አልሠራሁም ነበር፤ ማታ አሠራችኝ።

አንቺ እንደ እናቴ መልስ ከመጣልሽ መልሺ፤ ካልመጣልሽ አይቆጭሽ። ሜዳ አቋርጠሽ ከሰውየው ጋር መነጋገር ግን አይጠቅምም። ለአሰልጣኟ ወይም ለአሰልጣኙ ንገሪ፤ በዕረፍት ሰዓት ለተጋጣሚው አሰልጣኝ ያደርሳል። የራስን ወላጅ ማረም የራስ አሰልጣኝ ሥራ ነው። ልጅሽንም «ሰምተሻል?» ብለሽ ጠይቂያት። ሰምታለች፤ ሁሉም ይሰማሉ። የሎዛ አበራን ነገር አንሺላት፤ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ የተጫወተች አጥቂ ናት። እሷንም ሳያቀምሱ አሳለፏት ብዬ አላምንም።

ከገላን ጉራ ማምጣትሽን ደግሞ ቀላል አታድርጊው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር እኛም ሜዳ አጥተን ነበር። ቡድኑ ያልተበተነው ሁለት ሦስት እናቶች በየቅዳሜው «ዛሬስ የት ነው?» እያሉ ስለደወሉ ነው።

ጥያቄ፦ 18 ዓመቴ ነው፤ የዳኝነት ኮርስ ወስጄ የታዳጊ ጨዋታ አጫውታለሁ። አንድ አባት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ዕውር! ሌባ!» ሲለኝ ዋለ። ቢጫ ላሳየው እችላለሁ? (ዳኛ)

መልስ፦ ለወላጅ ቢጫ የለም። ካርድ የተጫዋችና የተቀያሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ የአሰልጣኝና የሌሎች የቡድን ኃላፊዎችም ሆኗል። እኔም አንድ ጊዜ ቀምሻለሁ፤ ይገባኝ ነበር። ፊሽካህ ግን አለ። ሕጉ ከውጭ ጣልቃ የሚገባ ሲኖር ጨዋታውን የማስቆም፣ አልፎም የማቋረጥ ሥልጣን ሰጥቶሃል። ኳሱ ሲወጣ ጠብቅ። ወደ ሰውየው አትሂድ፣ አትመልስለት። ወደዚያ ቡድን አሰልጣኝ ሂድና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «እሱን አነጋግሩልኝ፤ እጠብቃለሁ» በል። ከዚያ ኳሱን እግርህ ሥር አድርገህ መሀል ሜዳ ቁም። ሜዳ ሙሉ ልጅ ቆሞ አንድ ሰው ሲጠብቅ፣ ያን ሰው ዝም የሚያሰኙት ሌሎቹ ወላጆች ናቸው። ማንም ካላነጋገረው አቋርጥ፤ ከጠየቁህ «ኮች ናት ያለችኝ» በላቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ያልጠየቅከኝን ልጨምር። ፖርቱጋሎች ለጥሩ ሥራ የሚያሳዩት ነጭ ካርድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በቤንፊካና በስፖርቲንግ የሴቶች ጨዋታ ላይ፣ ደጋፊ መካከል አንድ ሰው ሲታመም ሮጠው ለረዱት ለሁለቱ ቡድኖች ሐኪሞች ዳኛዋ አውጥታ አሳየች። እኔ ጋ ዳኞች ካርቶን ቆርጠው ይይዛሉ። ባለፈው ወር አንድ ወላጅ ለተጋጣሚ በረኛ አጨብጭቦ ነጭ ካርድ ታየው፤ ምን እንዳጠፋ ሲጠይቀኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ ሆይ፣ 74 ዓመቴ ነው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ የ10 ዓመት ልጅ ሆኜ ስታዲየም ነበርኩ። አሁን የልጅ ልጄን ለማየት እመጣለሁ። እናቱ «አባባ፣ ከሁሉም የምትጮኸው አንተ ነህ» ትለኛለች። ደሜ ኳስ ሲያይ ይፈላል፤ ምን ላድርገው?

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎን ዝም በሉ የሚል አፍ የለኝም። ግን ከፊሽካው በፊት ሩብ ሰዓት ቀደም ብለው ይምጡልኝ። እኔ ከረጢቱ ላይ አስቀምጥዎታለሁ፤ ልጆቹ ዙሪያዎን ይቀመጣሉ። ጥር 13 ቀን ግብፆች ሁለት ጊዜ መርተውን፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ስንጨርስ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ምን ይመስል እንደነበር፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ሲያገባ ሕዝቡ ምን እንደሆነ ይንገሯቸው። ጩኸቱንም እዚያው ያስሙልን። ፊሽካው ሲነፋ ደግሞ በሲባጎው ወዲያ ወንበር ይጠብቅዎታል፣ ጋቢዎን ይዘው ይምጡ፤ ጃንሜዳ ጠዋት ይበርዳል።

ጥያቄ፦ ለ10 ዓመት ልጄ ስንት ቁጥር ኳስ ልግዛ? ሻጩ «5 ግዛለት፣ ያድግበታል» አለኝ።

መልስ፦ ጫማ አይደለም፣ አያድግበትም። 4 ቁጥር ይግዙ። 5 ቁጥር ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ 4 ቁጥር ግን ከ350 እስከ 390 ነው። ጭቃ ሲጠጣ ደግሞ ሁለቱም ይከብዳሉ። በቴስታ እየመታ እንዲለማመድበትም አይገፋፉት፤ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ተማሪ ዕድሜ ላሉ ልጆች ልምምድ ላይ ቀርቷል። መንፊያም አብረው ይግዙ፤ መርፌውን ሳያረጥቡ ግን አይክተቱት፣ ቫልቩን ይቀደዋል።